ሦስት ሚሊ

ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ያቺ ከግድግዳ ላይ ጊታር ጎትታ ያወረደችው ልጅህስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ስለ አባባ ጤና አንድ መስመር ጠይቀሃል፤ እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ የዛሬ ሦስት ሳምንት ነው። በሁለት በሦስት ዓመት አንዴ «ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኑ» ብለህ የምትገላገል ሰውዬ፣ ሁለት ገጽ ጽፈህ ሳይ ክፉ ወሬ ያለ መስሎኝ ክው አልኩ። ለካ የምታጽፍህ ልጅህ ናት። እሷን የሰጠህ አምላክ ይመስገን። የእጅ ጽሑፍህ ግን ዛሬም ዶሮ የጫረው ይመስላል፤ አንዳንዱን ቃል በግምት ነው ያነበብኩት።

በመጀመሪያ የጠየቅከኝን ልመልስ። ልጅህ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ያንተን ጊታር ስትይዝ ጣቷ አልደርስ አላት፣ ምን ያህል ርዝመት ያለው ልግዛላት ብለሃል። ሱቅ ስትገባ ሻጮቹ ትንሽ ጊታር ብለው ትንሽ ሳጥን ያሳዩሃል። አትመናቸው። የሳጥኑ ማነስ ብብቷ ሥር እንዲገባላት ነው እንጂ ለጣቷ አንድም አይፈይድላትም። ዋናው የክሩ ርዝመት ነው፤ አናቱ ላይ ክሩ ከሚያልፍበት የአጥንት ቁራጭ ጀምሮ፣ ታች ሳጥኑ ላይ እስከሚያርፍበት ብርኩማ ድረስ ያለው ማለቴ ነው። አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ፍሬቶቹ ሁሉ፣ የሚከፋፈሉት ከዚያ ርዝመት ላይ ነው። ክሩ ሲያጥር በፍሬትና በፍሬት መካከል ያለው ክፍተት አብሮ ይጠባል፤ ክሩም ላላ ስለሚል የልጅ ጣት አያቆስልም። ያንተው ስድሳ አምስት ሳንቲ ነው፤ ለሷ ሃምሳ ስምንት ይበቃታል። ድምፁ ትንሽ ይሳሳል፣ ምንም አይደለም፣ ስታድግ ትቀይረዋለች። ደግሞ አንተን አውቅሃለሁና፣ የኔኑ ጊታር አንገት ቆርጬ ላሳጥርላት እንዳትል። ፍሬቶቹ ለስድሳ አምስት የተከፋፈሉ ናቸው፤ ከሌላ ርዝመት ጋር ዕድሜ ልካቸውን አይስማሙም። ሜትር ይዘህ ሂድ። ከአናቱ እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ለካና እጥፍ አድርገው፤ የክሩን ርዝመት ያገኘኸው ያኔ ነው።

«እጥፍ አድርገው» ያልኩህን ከጻፍኩ በኋላ ብዕሩን አስቀምጬ ተነሳሁ። ደጅ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ያልቆሸሸ ጠረጴዛ ወለወልኩ። ቤታችንን የበተነው ይሄው እጥፍ የሚባል ነገር ነው፤ የበተንኩትም እኔ ነኝ። እንግዲህ ተናገርኩት። ከመቆጣትህ በፊት እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከተቆጣህም ተቆጥተህ አንብበው።

አባባ ሜትር እንደማይወዱ ታስታውሳለህ። ጊታር የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ በምስማር የተንጠለጠሉ አራት ልክ እንጨቶች ነበሯቸው፣ ለየክሩ ርዝመት አንድ አንድ። በእያንዳንዱ ላይ የፍሬቶቹ ቦታ በቢላ ተጭሯል። በስድሳ አምስቱ ጫፍ ላይ ጠለቅ ያለ አንድ ጭረት አለ፤ ከሱ ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ ቀጭን ሌላ ጭረት። በወጣትነታቸው እየሰሙ፣ እያስተካከሉ፣ እንደገና እየሰሙ የጫሯቸው ናቸው። እኔ ያኔ ሃያ ዓመቴ ነው፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣሁ ሰሞን። አንተም አባባም መሐንዲሷ እያላችሁ ትስቁብኝ ነበር። እኔ ግን ሳቁን ትቼላችሁ ስሙን ወስጄው ነበር።

ያንተ ጊታር ብርኩማው ብቻ ሲቀረው እማዬ ታመመች። አባባ ሐኪም ቤት ወሰዷትና እዚያው አስተኟት። አንድ ባንድ ለመግባት የምትፈተንበት ቀን አራት ቀን ነበር የቀረው። አባባ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉና ብርኩማውን መጨረሻው ጭረት ላይ አድርገሽ ለጥፊው፣ ኮላው ሁለት ቀን ይያዝ አሉኝ። ሐሳባቸው እማዬ ጋ ስለነበረ ሌላ ምንም አልጨመሩም።

ልክ እንጨቱን ጊታሩ ላይ አጋደምኩትና ሜትሬን አወጣሁ። ከአናቱ እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ሦስት መቶ ሃያ አምስት ሚሊ። ከፍሬቱ እስከ መጨረሻው ጭረት ሦስት መቶ ሃያ ስምንት። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት የክሩ እኩሌታ መሆኑን ተምሬያለሁ፤ እኩሌታ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ወገን እኩል መሆን አለበት። ጠለቅ ያለው ጭረት በትክክል ሦስት መቶ ሃያ አምስት ላይ ተቀምጧል። እንግዲያው ቀጭኑ ቢላው አምልጧቸው የተጫረ ነው አልኩ። ምስኪን አባባ፣ ዓይናቸው እየደከመ ነው ብዬ አዘንኩላቸው እኮ! ሦስቷን ሚሊ አርሜላቸው ብርኩማውን ጠለቅ ያለው ጭረት ላይ ለጠፍኩት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ያቺ ሦስት ሚሊ የምን እንደሆነች ዛሬ አውቃለሁ። ክሩን ሳትጫነው ስትመታው ነገሩ እንደ ሂሳቡ ነው። ጣትህ ፍሬቱ ላይ ሲጫነው ግን ክሩ ትንሽ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ድምፁ ከልኩ በላይ ይወጣል። ያንን ወደ ቦታው የምትመልሰው ከእኩሌታው ላይ የተጨመረችው ትንሽ ርዝመት ናት። እኔ የተማርኩበት መጽሐፍ ላይ ያለውን ክር ጣት ነክቶት አያውቅም።

ልትወስደው ስትመጣ ክሮቹን ባዶአቸውን ቃኝቼ ሰጠሁህ። ደስ ብሎህ አቀፍከኝ። በማግስቱ ወደ ላይኛው ፍሬቶች ስሄድ የሆነ ነገር ይጎረብጠኛል ስትለኝ፣ አዲስ ክር ነው፣ እስኪላመድ ነው ብዬ ሸኘሁህ። የፈተናውን ቀን ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። የባንዱ አለቃ በሰው ፊት ልጄ መጀመሪያ ጊታርህን ቃኝተህ ና እንዳለህ፣ ቃኝተህ፣ ደግመህ ቃኝተህ፣ ሦስተኛውን ስትጀምር የሚቀጥለውን ተፈታኝ እንደጠራ የነገርከኝ አንተው ነህ።

በዚያው ቀን አባባ ለእማዬ ልብስ ሊወስዱ ከሐኪም ቤት ብቅ ብለው ነበር። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ተቀምጠዋል። አንተ ገባህና፣ ዕድሜህን ሙሉ እርስዎ ያልካቸውን ሰውዬ አንተ አልካቸው።

«ጆሮህ ሞቷል» አልክ። «እኔንም አብረህ ቀበርከኝ።»

አባባ እስቲ ልየው ብለው እጃቸውን ዘረጉ። አንተ ጊታሩን ከረጢቱ ውስጥ ከተህ ወጣህ፤ በሳምንቱ ደግሞ ከከተማው ሄድክ። ከሁለት ወር በኋላ እማዬ ስታርፍ መጣህ፣ ቀበርክ፣ ከአባባ ጋር ቃል ሳትለዋወጥ ተመለስክ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ ያን ቀን አንተ ቂም ይዘህ ቆመሃል፣ እኔ ደግሞ ምክንያቱን ይዤ አጠገብህ ቆሜያለሁ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ያኔ ከመሥሪያ ቤቱ ስትወጣ አባባ ወደኔ ዞሩ። መጨረሻው ጭረት ላይ ነው የለጠፍሽው? ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ጋሼ፣ ኃጢአቴ ይቺ ቃል ናት። ብርኩማው ስህተት ነው፣ ሰው ይሳሳታል። አዎ ስል ግን እያወቅኩ ነበር። ጥፋቱ የእንጨታቸው ነው፣ አሁን ብነግራቸው ለምን ነካካሽው ብለው በሰው ፊት ይቆጡኛል፣ ሲበርድላቸው እነግራቸዋለሁ ብዬ ነው። አባባ ስድሳ አምስቱን ልክ እንጨት ከምስማሩ አወረዱት። አገላብጠው አዩት። ይሄን የጫርኩት በጆሮዬ ነው አሉና ጉልበታቸው ላይ ሰበሩት። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ጊታር አልሠሩም። የወንበር እግርና የመስኮት ፍሬም ሠሪ ሆነው ቀሩ።

ስህተቴ የገባኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አንድ የሙዚቃ አስተማሪ ብርኩማው የተነቀለ ጊታር አመጣልኝ። በሜትር ለክቼ፣ እኩሌታውን አግኝቼ፣ አሳምሬ ለጠፍኩለት። በማግስቱ ይዞት መጣና ፍሬቱን እየተጫነ አሰማኝ። ጆሮዬ እስኪግል ሰማሁት። ሰውዬው ሲሄድ ስድሳ ሦስቱን ልክ እንጨት አወረድኩ፤ ጫፉ ላይ ቀጭን ጭረት አለው። ስድሳ አንዱም አለው። ሃምሳ ስምንቱም አለው። ቢላ አራት እንጨት ላይ፣ አራት ጊዜ፣ እዚያው ቦታ አያመልጥም።

ያን ቀን መናገር ነበረብኝ። አባባ ሦስት እርምጃ ርቀው ተቀምጠው የወንበር እግር እየላጉ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ሻይ ይጠጣሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እንዲህ ዛሬ ነገ ስል አሥራ አምስት ዓመት ሄደ። ላንተም ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጀምሬ ቀድጃለሁ። የሠራሁትን ጊታር እስቲ ስሙልኝ ስላቸው እጃቸውን ያነሳሉ፤ አንቺው ስሚው፣ የኔ ጆሮ ሰው ያበላሻል ይላሉ። ደንበኞች ልጅቷ አባቷን በለጠች ሲሉ ደስ ይላቸዋል፤ እኔም ምስጋናውን ዝም ብዬ እቀበላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የሰፈሩ ሰው ሰውዬው ጆሮው ከድቶታል እያለ ማውራት ለመደ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፣ እሳቸው ግን እያንዳንዷን ሰምተዋታል።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ የምራቸውን መስማት አቆሙ። በእርጅና ነው አለ ሐኪሙ። እኔ ደብተር ላይ እጽፍላቸዋለሁ፣ እሳቸው በአፋቸው ይመልሱልኛል፤ ድምፃቸውን ስለማይሰሙት ይጮሃሉ። መንገድ ላይ ሰው ሲያሙ አብሬያቸው ካለሁ መግቢያ አጣለሁ። ያቺ ሴትዮ ወፈረች እኮ ይሉኛል፣ ሴትዮዋ አጠገባችን ቆማ።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ አባባ ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ ሳንባቸው ነው። ያልነገርኩህ ቢድኑ ብዬ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ አውቶቡስ ላይ አነበብኩና ከደስታዬ ብዛት ሁለተኛውን ሳላይ ይዤላቸው ገባሁ። መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው ማንበብ ጀመሩ። ጣቷ አልደርስ አላት የምትለዋ ጋ ሲደርሱ ሳቁ። ሃምሳ ስምንት በይው፣ ሃምሳ ስምንት ይበቃታል እያሉ ጮኹ። የልጅ ልጅ እንዳላቸው ያወቁት ያኔ ነው። አንተ ነግረኸን አታውቅም፤ እኔም በዚህ አልወቅስህም፣ ከመውቀሴ በፊት ራሴን ማየት አለብኝ።

ከዚያ ገጹን ገለበጡት። መጨረሻው ላይ የጻፍከውን ታውቀዋለህ። አባባን እንዳታማክሪ፣ የሱን ጆሮ ለልጄ ማውረስ አልፈልግም ብለሃል። ያን መስመር እኔ ያየሁት ከትከሻቸው በላይ ነው። ልነጥቃቸው እጄን ስሰድ ጨርሰውታል። ወረቀቱን እንደነበረ አጠፉት፣ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጡት፣ በእጃቸው ዳበስ አደረጉት።

«እውነቱን ነው» አሉ።

ቢያዝኑብህ፣ ቢረግሙህ ዝም እል ነበር ይሆናል። ደብተሩን አነሳሁና ጻፍኩት። ብርኩማውን መጨረሻው ጭረት ላይ አልለጠፍኩትም፣ ጠለቅ ያለው ላይ ነው፣ አዎ ያልኩዎት ውሸት ነው፣ ጆሮዎ ምንም አልሆነም ነበር ብዬ ጻፍኩ። ከመቸኮሌ የተነሳ ጽሑፌ ያንተን መሰለ። አነበቡት። ደግመው አነበቡት። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ሰዓት ደረሰ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ፣ የጠየቁኝ ምን መሰለህ? ስንት ሚሊ? አሉኝ። ክፍሉ በሙሉ ወደኛ ዞረ። በጣቴ ሦስት አሳየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነርሷን ልጠራ ስነሳ ለካ እየሳቁ ነው። ያን የመሰለ ልክ እንጨቴን በከንቱ ሰበርኩት እኮ አሉ። ቀጥለው አለቀሱ። ሲያለቅሱ አይቼ ስለማላውቅ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፤ ተንበርክኬ እግራቸውን ያዝኩ።

ሲረጋጉ ክንዴን ስበው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። የሚያንሾካሹኩ መስሏቸው ነው፤ ግን ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

«ለወንድምሽ እንዳትነግሪው። እኔ ስሄድ ቂሙ አብሮኝ ይሄዳል። አንቺ ግን ከሱ ሌላ ሰው የለሽም።»

ነርሷ የያዘችውን ይዛ ቆመች። ጎን አልጋ ላይ የተኛው ጡረተኛ ሹፌር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቃል ግቢ አሉኝ፤ ራሴን ነቀነቅኩላቸው። በኋላ ሹፌሩ ሦስት ሚሊ ስትሉ የምን ነገር ነው ብሎ ጠየቀኝና አስረዳሁት። አሰብ አደረገና በፍሬን ሸራ ብትሆን ሰው ትጨርሳለች አለኝ። አንጀቴን በላው፤ የገባው እሱ ብቻ ነው።

ከሆስፒታል ጠቅልዬ ብቻዬን የተመለስኩት ባለፈው ሐሙስ ነው፣ የአባባን መነጽር፣ ነጠላ ጫማቸውንና ደብተሩን በአንድ ፌስታል ይዤ። ሹፌሩ ሰውዬ እየታመመ እስከ በሩ ሸኘኝ። ስለ ጤናቸው ጠይቀህ ነበር፤ አሁን ምንም አያማቸውም።

ጋሼ፣ ጊታሩን ይዘህ ና። ብርኩማውን በሙቀት አላቅቄ ሦስት ሚሊ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ሥራው የግማሽ ቀን ነው፣ ኮላው ሁለት ቀን ይይዛል። ከዚያ ቁጭ በልና ከታች እስከ ላይ እያንዳንዱን ፍሬት ተጫን። የአባባ ጆሮ ምን እንደነበረ እኔ በወረቀት አልነግርህም፣ በራስህ ጆሮ ስማው። ልጅህንም አምጣት፤ ሱቁን ተወው፣ ሃምሳ ስምንቱን እኔው እሠራላታለሁ፤ ገና አልጀመርኩትም፣ መጀመሪያ እጇን ማየት አለብኝ።

አትንገሪው ተብዬ ነገርኩህ። አባባን እንቢ ስል ይሄ ሁለተኛዬ ነው። ቂሙ አብሮኝ ይሄዳል ያሉትን አሰብኩበት። የሳቸው ያልሆነውን እንዴት ይዘውት ይሄዳሉ? የኔ ነው፣ እኔ ጋ አስቀርቼዋለሁ። መያዝ ከፈለግክ እኔን ያዝ፤ ግን እሳቸውን እንደያዝካቸው በሩቅ አይሁን፣ እሱን አልችለውም። ና፣ እዚሁ ቤት ገብተህ፣ ፊት ለፊቴ ቆመህ ተቆጣኝ።

ባለቤትህን በኔ ስም ሳማት። ለልጅህ ዕድሜ ይስጥልህ፣ ጣቶቿን ይባርክልህ፣ የምትሰማውን የሚያምንላት ሰው አያሳጣት። መንገዱን በቀን፣ ረጋ ብለህ ተጓዝ። አሁን የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ያስቀየመችህ ታናሽ እህትህ